የስድስት ቁጥር ወኪል

ጓንጉል እንደሚለው ከሆነ፣ ናይሮቢ ካለው ሐበሻ አብዛኛው የሚኖረው ዌስትላንድስ ነው። ኢስሊ ያሉት ጥቂት ነጋዴዎች ናቸው፤ እነሱም ዛሬ መጥተው ነገ ወደ ሞያሌ የሚመለሱ መንገደኞች። ኢስሊ ጨርቅ የምትሸጠው ቀመሪያ እንደምትለው ደግሞ፣ ዌስትላንድስ ውስጥ ከጓንጉል፣ እንደ እሱ ምግብ ቤት ከከፈቱ ጥቂት ሰዎችና ከአስተናጋጆቻቸው በቀር የሚያድር ሐበሻ የለም። ኢስሊ ግን አንድ ሰው ሞቶ ለቀስተኛ ሲሰበሰብ መንገዱ ይዘጋል፤ ማታቱ የሚባሉት ሚኒባሶችም ጡሩምባቸውን እየነፉ በሌላ በኩል ይዞራሉ።

ሁለቱም አልዋሹም። ጓንጉል የሚናገረው ከሐበሾቹ መረዳጃ ማኅበር መዝገብ ነው፤ ቀመሪያ የምትናገረው ካየችው። በመዝገቡ መሠረት ቀመሪያ ራሷ የዌስትላንድስ ነዋሪ ነበረች።

ነገሩ የጀመረው በ1970 ዓ.ም. ግድም፣ ማኅበሩ ሲቋቋም ነው። ያኔ ከአገር ቤት ሸሽቶ የመጣ ሰው ስሙን እንኳ የሚናገረው ግራ ቀኙን አይቶ ነበር። መዋጮውን ለማዋጣት የሰሰተ አልነበረም፤ ሰፈሩን ሲጠየቅ ግን ሁሉም አፉን ያዘ። ከጭንቁ ያወጣቸው ዌስትላንድስ ላይ ምግብ ቤት የከፈተው ጓንጉል ነው። የእኔን ቤት አስጽፉ አላቸው፤ ደብዳቤ ቢመጣ እኔ እቀበላለሁ፣ ጠያቂ ቢመጣ አላውቃቸውም እላለሁ። ቃሉንም ጠበቀ። አንዳንዴ በመኪና ብቅ የሚሉ የማይታወቁ ሰዎችን ሻይ እያጠጣ በባዶ እጃቸው ሸኝቷቸዋል። ስለዚህ የኢስሊውም፣ የሳውዝ ሲውም፣ የኢምባካሲውም ሰው በመዝገብ ላይ ጓንጉል ምግብ ቤት ውስጥ ይኖራል። የቀመሪያ ጎረቤት የሆነችው ሹሩባ ሠሪዋ እህተማርያም፣ ያ ሁሉ ሰው በየትኛው አልጋ ላይ እንደሚጋደም እያሰበች ትስቅ ነበር። ቀልዱ ለዓመታት ማንንም አልጎዳም።

በ1980 ግን ጎዳ። ባለፈው ሰኔ አገር ቤት ብሔራዊ ሸንጎ ተመርጦ ነበር። አገሩ በምርጫ ክልል ተከፋፈለ፤ ለየክልሉ ወንበር ተመደበ። መስመሩን ማን እንዳሰመረው፣ ለምን በዚያ በኩል እንዳሳለፈው የጠየቀ ሰው ስለመኖሩ ራዲዮኑ አላወራም። ወሬው ናይሮቢ ሲደርስ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጓንጉል እኛም እንደ ሰው እንደራጅ አለ። ሰባት ወንበር ያለው ምክር ቤት ይኑረን፤ ወንበሩም እንደ አባላቱ ብዛት ለየሰፈሩ ይከፋፈል። ካርታውን እንዲሠራ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ጂኦግራፊ ለሚማረው ለዘርይሁን ሰጡት። ዘርይሁን መዝገቡን ይዞ ቀንና ሌሊት ሠራ፤ ስሌቱ ላይ አንዲት ስሕተት አልነበረበትም። ለዌስትላንድስ አራት ወንበር ደረሰው፤ ለሳውዝ ሲ፣ ለኢምባካሲና ለኢስሊ አንድ አንድ።

ይህ ብቻ ቢሆን ቀመሪያ ስቃ ታልፈው ነበር። ያላሳቃት አዲሱ ምክር ቤት መጀመሪያ ድምፅ የሚሰጥበት ጉዳይ ነው። ባንታየሁ የሚባል፣ ለማን እንደሚሠራ በግልጽ ተናግሮ የማያውቅ ነገር ግን ሁሉም የሚገምተው አባል፣ አንድ ሐሳብ አምጥቶ ነበር። ማኅበሩ ከአገር ቤት ማኅበራት ጋር ይያያዝ፤ እያንዳንዱ አባል የሚኖርበትን መንገድና የቤት ቁጥር ከነቤተሰቡ ያስመዝግብ፤ ከዚያ ፓስፖርት ማደስ ይቀላል፣ ድምፃችንም እስከ ሸንጎው ይሰማል። ነገሩን የሚያስረዳው በፈገግታ ነበር። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። ባለምግብ ቤቶቹ ፓስፖርቱን አስበው ተስማምተዋል፤ የዌስትላንድሶቹ አራት ወንበሮች ደግሞ የእነሱ ናቸው፤ ወኪል የሚሆን ሰው አድራሻውን በጉባኤ ፊት መናገር ስላለበት፣ ዌስትላንድስ እኖራለሁ ብሎ የሚቆም ሌላ የለም።

ቀመሪያ ከሱቋ ጀርባ፣ ከመጋረጃው ወዲያ፣ ወንድሟን አስቀምጣ ነበር። አብዱልፈታ ብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ፣ ከጦር ግንባር ጠፍቶ፣ ከስንት መከራ በኋላ በሞያሌ በኩል የገባ ነው። ለሰው የባሏ የኑሬ ዘመድ ነው ትላለች። ኑሬ እቃ እየጫነ ሞያሌ ስለሚከርም ማንም አላጣራም። የአብዱልፈታ ሥራ የስፌት መኪና ላይ ነው፤ ድምፁ ከማይሰማው ከእሱ ይልቅ መኪናው ያወራል። ቤቷ ከነቤተሰቧ ከተጻፈ ግን የሚጻፈው እሱ ነው።

ካርታው በተለጠፈ ማግሥት ዘርይሁን ወደ ኢስሊ መጣ። ማንም አልላከውም፤ የሠራውን ነገር ዞሮ የማየት ልማድ ነበረው። ቀመሪያ ከጨርቅ ክምሩ መሀል ሆና ስታየው ሁለት እጇን ዘረጋች።

«ና እስቲ ቁጭ በል፣ የእኔ መሐንዲስ። ዌስትላንድስ ያለው ቤቴ እንዴት ነው? ጓሮ አለው?»

«ጓሮ ከነአትክልቱ አለው፣ እትዬ ቀመሪያ። የጎደሉት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

እሷም ሳቀች፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። ዘርይሁን ከጠዋት ጀምሮ ሰፈሩን ሲዞር እንደዋለ፣ በየሱቁ ደጃፍ አማርኛ እየሰማ እንደተደናገጠ ነገራት። መስመሩን ያሰመርኩት ሰው ባለበት ላይ አይደለም፣ ሰው በተደበቀበት ላይ ነው አላት። መድኃኒቱም ቀላል መሰለው። እያንዳንዱ አባል እውነተኛ ቤቱን ይንገረው፤ በሳምንት ውስጥ ካርታውን እንደገና ይሠራዋል፤ አራቱ ወንበሮች ወደ ኢስሊ ይዞራሉ፣ የባንታየሁ ሐሳብም ይወድቃል።

ይህን ሲናገር ከመጋረጃው ወዲያ የነበረው የስፌት መኪና ቀጥ አለ።

ዘርይሁን ወደ መጋረጃው አላየም። አንሥቶ ሲያጫውተው የነበረውን የጨርቅ ሜትር ጠቅልሎ በቀስታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ቀመሪያ ልጁ ነገሩ እንደገባውም፣ እንደማይጠይቅም በዚያ አወቀች፤ ስለዚህ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እውነቱን በቀጥታ አቀረበችለት።

«ቤታችን እንዳይጻፍ ድምፅ ለመስጠት፣ መጀመሪያ ቤታችንን እናስጽፍ ነው የምትለኝ?»

ይህን አላሰብኩትም አለ ዘርይሁን። መልስ ሳይኖረው መልስ እንዳለው የማይሆን ልጅ ስለሆነ ቀመሪያ ያን ቀን ወደደችው፤ ግን መውደድ ወንበር አያመጣም። የስፌት መኪናው እንደገና ሲንኳኳ የያዘውን ካርታ ጠቅልሎ ሄደ።

ሐሙስ ዕለት ሱቋን ለእህተማርያም አደራ ብላ ራሷ ወደ ጓንጉል ወጣች። ዌስትላንድስን የረገጠችው በጣት ለሚቆጠር ጊዜ ነው፤ በመዝገብ ላይ ዐሥር ዓመት ኖራበታለች። ጓንጉል ከወንበሩ ተነሥቶ ተቀበላት፤ ምሳ ካልበላሽ አላወራም ብሎ አስቀመጣት። ጢሙ ሸብቷል፤ ዓይኑ ግን ያው የያኔው ነው። ቀመሪያ ልትቆጣው ያዘጋጀችው ቁጣ በመጀመሪያው ጉርሻ ላይ ተሰናከለ።

ጓንጉል አልሸሸጋትም። አገር ቤት የቀረች አንዲት እኅት አለችው፤ ፓስፖርቱ ካልታደሰ አያያትም። ከዚያ በላይ ደግሞ መሸሸግ ሰልችቶታል። እስከ መቼ ነው በሰው አገር እንደ ሌባ የምንኖረው አላት። ካርታው ተሳስቷል ካላችሁ ትክክለኛውን ቤት አምጡና ይታረም፤ እኔ አልከለክልም። ቀመሪያ እጇን ከማዕዱ አነሣች።

«ያልተቆጠረ ሰው ማን ይቆምለታል፣ ቀመሪያ?»

«የተቆጠረውን ማን ቆመለት፣ ጋሼ ጓንጉል? አገር ቤት ቀበሌው አንድ በአንድ ቆጥሮን ነበር። የጎረቤቴ ልጆች ማታ ሲወሰዱ ቁጥራቸው አልጎደለም ነበር።»

ጓንጉል ውኃውን ጠጣ። ከዚያ ወዲያ ስለ ኑሬ ጭነትና ስለ ዝናቡ አወሩ። እሁድ ጠቅላላ ጉባኤው ካርታውን ካጸደቀ ወኪሎቹ እዚያው እንደሚመረጡ፣ ድምፁም በዚያው ዕለት እንደሚሰጥ ከነገራት በኋላ ተሰናበተችው።

ዘርይሁን የሚኖረው ከምግብ ቤቱ ጓሮ፣ ጓንጉል በነፃ በሰጠው ክፍል ነበር። ስትወጣ አይቷት እስከ ከተማ ሸኛት። መሀል ከተማ ማታቱዎቹ የሚቆሙበት ሲደርሱ ከሥራ የወጣው ሰው ወዲያና ወዲህ ይተራመሳል፤ ማናምባ የሚባሉት ረዳቶች በር ላይ ተንጠልጥለው ጠርዙን እየደበደቡ ይጣራሉ። አንደኛው «ሲታ፣ ሲታ፣ ሲታ» ይላል፤ ስድስት ቁጥር ማለት ነው፣ የኢስሊው። ከሰልፉ መሀል አንዲት ሴት ቀመሪያን አየቻትና፣ ምነው የስድስት ቁጥሯ፣ ዛሬ ከየት ትመጫለሽ አለቻት። የኢስሊ ሐበሾች እርስ በርስ የሚጠራሩት እንዲህ ነው። ስምም ሰፈርም ሳይነካኩ ዓመታት የኖሩት በማታቱ ቁጥር ነው።

ዘርይሁን ቆሞ ሰዉን ያይ ነበር። ማንም ማንንም ቤትህ የት ነው ሳይለው ያ ሁሉ ግርግር በየቁጥሩ እየተለየ፣ እየተሰለፈ፣ እየተጫነ ያልቃል።

«እትዬ ቀመሪያ፣ እሁድ ወደ ስብሰባው በምን ይመጣሉ?»

«በስድስት ነዋ። በምን ልምጣ፣ በአውሮፕላን?»

«ሌላውስ የኢስሊ ሰው?»

«በስድስት።»

«የት እንደተሳፈረ፣ የት እንደሚወርድ የሚያውቅ አለ?»

ቀመሪያ ልትቀልድበት አፏን ከፍታ ተወችው። ምን እያሰበ እንደሆነ ገባት። ማናምባው እጇን ይዞ ሲያወጣት ፊቷን ወደ ዘርይሁን እንዳዞረች ነበር።

እሁድ ጠዋት አብዱልፈታ ልብሱን በፌስታል አሥሮ የስፌት መኪናው አጠገብ አስቀምጦ ጠበቃት። የሞምባሳ አውቶቡስ ከሰዓት በኋላ ይነሣል። እዚያ የሚያውቀው ሰው የለም፤ እሱ ግን ምንም አይደል፣ እታለም፣ በአንቺ ላይ ከሚመጣው ይሻላል አላት። ቀመሪያ ፌስታሉን አየችው። ከጦር ግንባር ሲመጣም የያዘው ይህንኑ የሚያህል ነበር።

«ከስብሰባው እስክመለስ ቆይ» አለችው። «ከተሸነፍን ራሴ እሸኝሃለሁ። ካልተሸነፍን ግን ይህን ፌስታል እንዳላየው።»

አዳራሹ መሀል ከተማ፣ ለሠርግ የሚከራይ ነበር። ሰዉ ሲሞላ ጓንጉል ጉባኤውን ከፈተ፤ ካርታው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ዘርይሁን እጁን አውጥቶ ተነሣና፣ የሠራው ካርታ ልክ እንዳልሆነ በራሱ አፍ ተናገረ። አዳራሹ አጉረመረመ። ከዚያ ሐሳቡን አቀረበ። ማንም ቤቱን እንዳይናገር፤ በአራቱ ግድግዳዎች ላይ አራት የማታቱ ቁጥር ይለጠፍ፤ ሁሉም ዛሬ በመጣበት ቁጥር ሥር ይቁም፤ ወንበሩም በዚያ ይከፋፈል።

ሳቅ ሆነ። በዚያ ሰሞን አገሬው ለፓርላማው ዕጩዎቹን ሲለይ በአደባባይ፣ ከዕጩው ፎቶግራፍ ኋላ እየተሰለፈ ነበርና፣ አንዱ ከኋላ እኛም እንደ ኬንያዎቹ ልንሰለፍ ነው እንዴ አለ። እህተማርያም ተቀብላ፣ ለዳቦ ስትሰለፍ አላፈርክ አለችው። ጓንጉል ሳቁ እስኪበርድ ጠብቆ ለጉባኤው አቀረበው። ሊከለክል ይችል ነበር፤ አልከለከለም። እጅ ወጥቶ አለፈ።

ዘርይሁን ቁጥሮቹን ለጠፈ፤ ሃያ ሦስት ለዌስትላንድስ፣ ዐሥራ ሁለት ለሳውዝ ሲ፣ ሠላሳ ሦስት ለኢምባካሲ። ስድስትን መጨረሻ ላይ ለጠፈ። በዚያው ቅጽበት ባንታየሁ ወንበሩን አንሥቶ ከስድስት ቁጥር ሥር አስቀመጠና እግሩን አጣምሮ ተቀመጠ። ደብተርም ብዕርም አልያዘም። አንዴ ያየውን ፊት አይረሳም ይባላል፤ እሱም ይህ እንደሚባል ያውቃል።

ባለምግብ ቤቶቹ ሃያ ሦስት ሥር ቆሙ። የሳውዝ ሲና የኢምባካሲ ሰዎች በየግድግዳቸው ተጠጉ። የኢስሊው ሰው ግን መሀል አዳራሹ ላይ እንደ ክምር ቀረ፤ አንዱ ሌላውን ያያል፣ ሁሉም ጫማውን ያያል። ቀመሪያ ዘርይሁንን ፈለገችው። እሱ ወደ ሃያ ሦስት ቁጥር እየሄደ ነበር። ከዳኝ አለች በሆዷ፤ ከዚያ የጓሮውን ክፍል አስታወሰች። ልጁ የሚኖረው እዚያ ነው። ለእሷ ብሎ እንኳ ባልመጣበት ቁጥር ሥር አይቆምም፤ እንዲህ ያለ ሰው ያሰመረው መስመር ነው የሚታመነው።

ባንታየሁ ከወንበሩ ሳይነሣ፣ መሀል የቀሩት በመዝገቡ ይቆጠሩ፣ ጊዜ አናባክን አለ። በመዝገቡ ማለት ዌስትላንድስ ማለት ነው። ጓንጉል እጁን አገጩ ላይ አድርጎ ወደ መሀል ያይ ነበር።

ቀመሪያ ፌስታሉ ዓይኗ ላይ መጣባት። ያሠረው ቋጠሮ እንኳ ታያት፤ የወታደር ቋጠሮ ነበር። ሻሿን አጠበቀችና ሄደች። ያ አዳራሽ ያን ያህል ሰፊ መሆኑን ያወቀችው ያኔ ነው። ባንታየሁ አጠገብ ስትደርስ አልዞረችበትም፤ ፊት ለፊቱ ቆመች፣ እስኪጠግብ እንዲያያት።

«እኔን ጠብቂኝ እንጂ» አለች ከኋላዋ እህተማርያም፤ «ጫማዬ ጠቦኝ ነው የዘገየሁት።» ባንታየሁንም፣ ወንድሜ፣ ወንበርህን ትንሽ ፈቀቅ አድርግልን፣ ብዙ ነን አለችው። አንድ ሽማግሌ ሳቁ፤ ሳቃቸውን ሳይጨርሱ መጡ። ከዚያ የክምሩ ጫፍ ተነቃነቀ፣ ቀጥሎ ጎኑ፣ ቀጥሎ ሁሉም። ሰልፉ ግድግዳውን ጨርሶ በበሩ ወጣ፣ ደረጃው ላይ ታጠፈ። ባንታየሁ ወንበሩን ፈቀቅ አደረገ፤ ቦታ ስላጣ ቆይቶ ተነሣ።

ዘርይሁን ቆጠረ፤ ጓንጉል ራሱ ደግሞ ቆጠረ። አራት ወንበር ለስድስት ቁጥር፣ ለሌሎቹ አንድ አንድ። የባለምግብ ቤቶቹ ፊት ጠቆረ። አሁን ስድስት ቁጥር ወኪሎቹን ያቅርብ አለ ጓንጉል።

ማንም አልቀረበም። በብዛት መሰለፍ ሌላ ነው፤ ለብቻ ስምን ጠርቶ መቆም ሌላ። ባንታየሁ ፈገግታው ተመለሰለት። ደንቡን አስታወሰ፤ ወኪል የሚሆን ሰው ስሙንና አድራሻውን በጉባኤው ፊት ይናገራል፤ ተናጋሪ ከሌለ ወንበሩ ባዶ ይቀራል፣ ምክር ቤቱም ባሉት ሦስቱ ድምፅ ይሰጣል አለ። ሦስቱ ደግሞ ወደ ባንታየሁ እንደሚያዘነብሉ ይታወቃል።

ቀመሪያ አንድ እርምጃ ወደፊት ወጣች።

«ስም?» አለ ጓንጉል።

«ቀመሪያ ፈድሉ።»

«አድራሻ?»

«ስድስት ቁጥር።»

«ይህ ማታቱ ነው እንጂ አድራሻ አይደለም» አለ ባንታየሁ። «የቤቱ ቁጥር ይነገር።»

ቀመሪያ እሱን አላየችውም። ዓይኗን ከጓንጉል ላይ አላነሣችም።

«ጋሼ ጓንጉል፣ ያን ጊዜ ጠያቂ ሲመጣ ምን ብለው ነበር የሚመልሱት?»

ሃያ ሦስት ሥር የቆሙት ሰዎች ሊቀ መንበራቸውን አዩ። እሱ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና እንደገና አደረገው።

«አላውቃቸውም እል ነበር» አለ በዝግታ። «ስድስት ቁጥር ይበቃል። ቀጥዪ።»

ቀመሪያ ወደ ሰልፉ ዞረች። ከኋላዋ እህተማርያም አንገቷን አስግጋለች፤ ከእሷም ኋላ ሌሎች ሁለት ሰዎች እግራቸውን ከመስመሩ አውጥተው ለቀሩት ወንበሮች ተራቸውን የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር። ድምፅዋን ከፍ አደረገች፣ በደረጃው ላይ ያሉትም እንዲሰሙ።

«እንግዲህ ስሙኝ፣ በኋላ አላልሽም እንዳትሉ። እኔ የስድስት ቁጥር ወኪል ነኝ። የመጀመሪያ ድምፄን ደግሞ አሁን፣ በሁላችሁ ፊት እናገራለሁ፤ የማንም ቤት አይጻፍም።»